ውድ ጠመንጃ፣ ርካሽ ተኩስ

ሰው ጠመንጃ ገዛ ሲባል አገሬው የሚጠይቀው ጥያቄ የታወቀ ነው። «ስንት ገዛው?» ይባላል። ቀጥሎ «ምንድን ነው? ክላሽ ነው?» ይመጣል። «ሃምሳ ሜትር ላይ አምስቴ ቢተኮስ አምስቱም አንድ ቦታ ያርፋሉ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ብጠይቅ የሚሳቅብኝ ይመስለኛል። ጠመንጃ በእኛ ዘንድ የሚለካው በዋጋው፣ በስሙና በጩኸቱ ነው።

ስሙማ የራሱ ታሪክ አለው። ስናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ አልቤን... ፉከራውና ቀረርቶው በእነዚህ ስሞች የተሞላ ነው። ውጅግራ የምንለው ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ለጦራቸው ያስገቡትን «ፉዚ ግራ» የተባለ ጠመንጃ ነው፤ የጥይቱ ውፍረት 11 ሚሊ ሜትር ነው። አባቶቻችን ዓድዋ ላይ በእሱና በመሰሎቹ ተዋግተዋልና ስሙን ብንወደው አይፈረድብንም። ግን ስሙን ስንወርስ ዒላማውን እዚያው ረስተነው የመጣን ይመስለኛል። በየሠርጉና በየለቅሶው ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ጥይት የት እንደሚያርፍ የሚጠይቅ የለም። የወጣ ጥይት ደግሞ ይወርዳል። ሲወርድ ሙሽራ ነው፣ ሚዜ ነው፣ አጥር ላይ የተንጠለጠለ ሕፃን ነው ብሎ አይመርጥም። ገበሬው ጥማድ በሬ የሚገዛበትን ገንዘብ አውጥቶ ብረት ይገዛል፣ ከዚያ ደመና ይመታበታል።

ዛሬ የምሟገትለት ነገር ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊሆን ይችላል። አገራችን፣ በተለይም የእኛ ጋሞ ዞን፣ በትንሽ ጥይት ዒላማ የመምታት ስፖርት ያስፈልጋታል እላለሁ። መሣሪያው በየቤቱ ሳይሆን በክበብ መጋዘን ተቆልፎ፣ በሕግ ተመዝግቦ፣ በአሠልጣኝ እጅ። ከመናደዳችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡኝ።

ነገሩ የገባኝ አሜሪካ የሚኖር የአጎቴ ልጅ ዘንድ ለጥቂት ወራት በከረምኩበት ጊዜ ነው። ጨንቻ አብረን ነው ያደግነው። አባቱ ሸማኔ ነበሩ፤ እሱም እንደ ማንኛውም የሸማኔ ልጅ ክር ሲያጠነጥን ነው ልጅነቱን የጨረሰው። አሁን እዚያ የጭነት መኪና ይነዳል። በእረፍት ቀኑ የሚሠራውን ሳይ መጀመሪያ ደነገጥኩ። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ በጋዜጣ ሸፍኖ ጠመንጃ ፈታትቷል። «ወንድሜ፣ ምን ሆነህ ነው? ሰው ጠላህ ወይ?» አልኩት። ሳቀብኝ። «ወረቀት ነው የጠላሁት» አለኝ።

ጠመንጃው እነሱ «ትዌንቲ ቱ» የሚሉትን ጥይት የሚጎርስ ነው። የእርሳሱ ውፍረት 5.6 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 2.6 ግራም ገደማ ነው። ሙሉ ጥይቱ ከነቀለሁ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከክብሪት እንጨት ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ1887 አሜሪካ ውስጥ ከወጣ ጀምሮ ቅርጹ አልተለወጠም ማለት ይቻላል። የክላሽ ጥይት ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ በቀለሁ ቂጥ መሃል ላይ ትንሽ ክብ ነገር አለች፤ መርፌው እሷን ሲመታ ነው ባሩዱ የሚቀጣጠለው። የዚህ ትንሽ ጥይት ቂጥ ግን ልሙጥ ነው። እሳቱን የሚጭረው ቅመም የተደበቀው በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን ነው፤ መርፌውም የሚመታው ጠርዙን ነው። ርካሽ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ቅመሙ ጠርዙ ውስጥ እኩል ካልተዳረሰ አንዱ ጥይት ፈጠን፣ ሌላው ዘግየት ይላል። ሃምሳ ሜትር ላይ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ ያርፋል።

የአጎቴ ልጅ ያገለገለ «ሳቬጅ ማርክ 2» ነው የገዛው፤ በእጅ የሚቀባበል፣ ከ200 ዶላር በታች። ጀርመኖቹ «አንሹትዝ» የሚሠሩት የውድድር ጠመንጃ ብዙ ሺሕ ዶላር ያወጣል። እሱ ያንን አይቶ አልጎመዠም ማለት አልችልም፤ ፎቶውን ስልኩ ላይ አስቀምጦታል። ግን ኪሱን ያውቃል። ስለዚህ «ብዙ ብር ያለው ሰው በብር የሚያስተካክለውን እኔ በምን ላስተካክለው?» ብሎ ነው የተነሣው።

የመጀመሪያው መሣሪያው የጆሮ ጥጥ ነበር። እውነቴን ነው። ጥጡን በአፈሙዙ ጫፍ ውስጠኛ ጠርዝ ዙሪያ ቀስ አድርጎ አሽከረከረው። የጥጡ ቃጫ አንድ ቦታ ላይ ያዝ ካደረገ እዚያ ጋ ጭረት አለ ማለት ነው። ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ መጨረሻ የሚነካው ያንን ጠርዝ ነው። በአንድ ወገን ትንሽ ብትጎዳ ግፊቱ በዚያ ወገን ቀድሞ ያመልጥና ጥይቱን ገፋ ያደርገዋል። የእሱ ጫፍ ደህና ነበር። ባይሆን ኖሮ ወደ ባለሙያ ወስዶ ጫፏን ማስተካከል በቂ ነው፤ አዲስ አፈሙዝ አያስገዛም።

ቀጥሎ ብረቱን ከእንጨቱ ለየው። ብረቱ እንጨቱ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ወጣ ገባ ነበር። ሁለት ሆኖ የሚደባለቅ ጠንካራ ማጣበቂያ ገዝቶ እዚያ ቦታ ላይ ስስ አድርጎ ቀባ፤ ብረቱ እንዳይጣበቅ ደግሞ የጫማ ቀለም ቀብቶ አስቀመጠበት። በማግስቱ ሲያነሣው ብረቱ ልክ እንደ እንቁላል በጎጆው የሚቀመጥበት ሥፍራ ወጣ። አፈሙዙ ግን እንጨቱን የትም እንዳይነካ አደረገ። መንካት አለመንካቱን የሚያየው በወረቀት ነው፤ ወረቀቷ ከአፈሙዙ በታች ከጫፍ እስከ ሥር ሳትያዝ ከሄደች በቃ። ሲተኮስ አፈሙዝ እንደ ክራር ክር ይርገበገባል፤ አንድ ጊዜ እንጨት ነክቶ አንድ ጊዜ ሳይነካ ከሆነ ጥይቱም የሚሄድበት ይለያያል። ብሎኖቹንም ሁልጊዜ በእኩል ጥብቀት ያሥራል፤ ቁጥሯን ግድግዳ ላይ ጽፏታል።

ምላጩን ራሱ አልሞረደም። እዚህ ላይ አደነቅኩት። ምላጭ ሲቀል አነጣጥሮ ለመተኮስ ይመቻል፤ በማያውቅ እጅ የተሞረደ ምላጭ ግን ጠመንጃው ወድቆ መሬት ሲነካ ሊተኩስ ይችላል። ከፋብሪካው ሲወጣ ማስተካከያ ብሎን ያለው ዓይነት ስለነበር በእሷ ብቻ ነው የሠራው።

ከሁሉ ብዙ ጊዜ የወሰደው ጥይት መምረጡ ነው። ስድስት ዓይነት ጥይት፣ ከየዓይነቱ አንዳንድ ፓኮ ገዛ። ከአሮጌ ጂንስ ሱሪ እግር የሰፋውን ከረጢት ሩዝ ሞልቶ ጠመንጃውን አስደገፈበት። በየዓይነቱ አምስት አምስት ጥይት፣ አምስት ጊዜ። በየመሃሉ አፈሙዙ አዲሱን ጥይት እስኪለምድ ጥቂት ያለ ዒላማ ይተኩሳል። እኔ ወረቀት እየለወጥኩ ስመላለስ ዋልኩ። በጣም ውዱ ጥይት አንደኛ አልወጣም። መካከለኛ ዋጋ ያለው አንዱ ዓይነት ሃምሳ ሜትር ላይ አምስቱንም በእኛ አንድ ብር ሳንቲም ሊሸፈን በሚችል ቦታ ላይ አስቀመጠ። በጣም ፈጣኑ ደግሞ መጨረሻ ወጣ።

ይሄ የመጨረሻው ነገር የገረመኝ ቢሆንም ምክንያቱን ሲነግረኝ አርባ ምንጭና ጨንቻ ትዝ አሉኝ። ከድምፅ ፍጥነት በላይ የሚወጣ ጥይት አየር እየገታው ሲሄድ መንገድ ላይ የድምፅን ፍጥነት ቁልቁል ያቋርጣል፤ ሲያቋርጥ ይንገዳገዳል። ስለዚህ ዒላማ ተኳሾች ከመነሻው ከድምፅ የሚዘገይ ጥይት ይመርጣሉ። የድምፅ ፍጥነት ደግሞ እንደ አየሩ ሙቀት ነው። በ30 ዲግሪ ሙቀት በሴኮንድ 349 ሜትር ያህል፣ በ10 ዲግሪ 337 ሜትር ያህል ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ። በመንገድ ግን የሚለያቸው 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ በሴኮንድ 343 ሜትር የሚሄድ ጥይት አርባ ምንጭ ቀትር ላይ ከድምፅ ይዘገያል፤ በዚያው ቀን ሽቅብ ወጥቶ ጨንቻ ጉም ውስጥ ቢተኮስ ከድምፅ ይቀድማል። አንድ ጥይት፣ አንድ ጠመንጃ፣ አንድ ቀን፣ ሁለት ጠባይ። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ከማስተማር የፊዚክስ መምህር ተማሪዎቹን መኪና ላይ ጭኖ ቢያወጣቸው የማይረሱት ትምህርት ይሆን ነበር።

በድምሩ ያገለገለ አጉሊ መነጽሩን ጨምሮ ወጪው 400 ዶላር አልሞላም። ሦስት ወር ግን ፈጅቷል። ማታ ማታ የተተኮሰ ቀለህ አጉርሶ (ባዶውን ምላጭ መሳብ በአንዳንድ አሮጌ ጠመንጃ መርፌው የጎሮሮውን ጠርዝ እየመታ ያበላሻል) ግድግዳ ላይ የለጠፈውን ነጥብ እያነጣጠረ ትንፋሹን ሲያስተካክል አየው ነበር። የልብ ምት እንኳ ዒላማውን ያንቀሳቅሰዋል። የነፋሱን አቅጣጫ የሚያይበት ደግሞ እንጨት ላይ የታሠረ ክር ነው፤ ከአሮጌ ነጠላ ጫፍ የተቆረጠ። «ይሄንን ከማን ተማርክ?» ብለው «ከአባባ» አለኝ። አባቱ ጠመንጃ ይዘው አያውቁም። ለካ የሚያወራው ስለ ሽመና ነው። ዶርዜ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ እንጨትና ገመድ አስሮ በሚሠራው መሣሪያ ነው ያን ሁሉ ጥበብ የሚያወጣው። መሣሪያው ርካሽ ነው፤ ድሩ ግን እኩል ካልተወጠረ ጥለቱ ይዛባል። ሽሮ ሜዳ ሄዶ ነጠላ የገዛ ሰው ከፍሎ የሚወስደው የዚያን ውጥረት ዋጋ ነው። ልጁ ይሄን ዕውቀት ይዞ ሄዶ ብረት ላይ አዋለው።

አሁን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ይህን አንብቦ ጓሮው ውስጥ ጠመንጃ ሊሠራ የሚነሣ ካለ ይተወው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መሥራትን፣ መያዝንና ማዘዋወርን በወንጀል ያስጠይቃል። ጥሩም አድርጓል። የአጎቴ ልጅ የሠራው ሥራ በእሱ አገር ሕግ የተፈቀደ ነው። እዚያም ቢሆን የጠመንጃው ብዛት በየትምህርት ቤቱ ያደረሰውን ጥፋት ዓለም ያውቀዋል፤ እኔም የእነሱን ሕግ አምጡልን አልልም። እኔ እንዲመጣልኝ የምፈልገው ያቺ ወረቀት ላይ ያየኋት የአንድ ብር ሳንቲም ነገር ናት።

ዒላማ መምታት እኮ ኦሊምፒክ እ.ኤ.አ. በ1896 አቴንስ ላይ ሲጀመር ጀምሮ የነበረ ስፖርት ነው። በሃምሳ ሜትሩ ውድድር የሚተኮሰው ይሄው የ5.6 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው፤ አሥር ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ስፋቱ 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በአሥር ሜትሩ የአየር ጠመንጃ ውድድር ደግሞ ባሩድ የሚባል ነገር የለም፤ በታመቀ አየር 4.5 ሚሊ ሜትር ፍሬ ይተኮሳል፤ አሥሩ ነጥብ ግማሽ ሚሊ ሜትር የምታህል ነቁጥ ናት። በፓሪስ ኦሊምፒክ አንዱን እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ተራ መነጽር አድርጎ የተኮሰውን ቱርካዊ ዩሱፍ ዲኬችን በስልኩ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ያን ጊዜ የ51 ዓመት ሰው ነበር፤ በድብልቅ የአየር ሽጉጥ ውድድር ከቡድን አጋሩ ጋር ብር አገኘ። (ሽጉጡ ራሱ ርካሽ እንዳልሆነ ግን አትርሱ። ሰው ስለ ቲሸርቱ ሲያወራ ሽጉጡን ረሳው።) ከእሱ በፊት ሀንጋሪያዊው ወታደር ካሮይ ታካች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 ቦምብ ቀኝ እጁን ቆረጠው። በግራው ተለማምዶ በ1948 ለንደን፣ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ በፈጣን የሽጉጥ ተኩስ ወርቅ ወሰደ።

እኛስ? በኦሊምፒክ ያገኘነው ሜዳሊያ በሙሉ የሩጫ ነው። አበበ ቢቂላ ግን በመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1970 እንግሊዝ ስቶክ ማንደቪል ላይ በተካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ተወዳድሯል። ያ ሰው ከሩጫ ሲለያይ ቀስት ነው ያነሣው። ዛሬ በየከተማችን በጦርነት እግሩን ያጣ ስንት ወጣት አለ? ለእሱ የሚሆን ስፖርት ፍለጋ ላይ ነን የሚሉ ሰዎች ቢያንስ የአየር ጠመንጃውን ቢያስቡት ምን ይላል? ተቀምጦ የሚተኮስ የፓራሊምፒክ ውድድር አለ እኮ።

አርባ ምንጭ ያለ አንድ ወዳጄ ሐሳቤን ስነግረው ተቆጣኝ። «አገር በብረት እየታመሰ አንተ ሌላ ብረት ትላለህ?» አለኝ። ክብደት ያለው ጥያቄ ነው፤ በሳቅ አላልፈውም። ሰሜኑ ምን እንደሆነ አይተናል። በየኬላው የሚያዘውን የኮንትሮባንድ መሣሪያ በዜና እንሰማለን። ብረት ያለው የሚፈራበት፣ የሚፈራው የሚከበርበት ዘመን ላይ ነን። እኔ ግን የምለው ሌላ ነው፦ ብረትን ከክብር ጋር ያጋባነው እኛው ነን፤ ያንን ጋብቻ የሚያፈርስ ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ አላቀረብንም። ከለከልን፣ መዘገብን፣ አስፈታን። ወጣቱ ብረት ሲያይ ዓይኑ የሚበራበትን ምክንያት ግን አልነካነውም። አንድ ልጅ ለስድስት ወር በአሥር ሜትር ርቀት የአየር ጠመንጃ ቢለማመድ፣ ነቁጧን የሚስታት ምላጩን በንዴት ሲስብ እንደሆነ ራሱ በወረቀት ላይ ያየዋል። ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ የሚተኩስ ሰው ሲያይ የሚሰማው ቅናት አይሆንም፤ ጥሩ ሯጭ መንገድ ላይ በጫማው የሚኮራ ሰው ሲያይ የሚሰማው ዓይነት ነገር ነው።

ለምን ጋሞ ትሉኝ ይሆናል። መስከረም 2011 ዓ.ም.ን አስታውሱ። ቡራዩ ላይ በጋሞ ተወላጆች ላይ ከተፈጸመው ግድያ በኋላ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ለበቀል ሲነሣ ሽማግሌዎቻችን እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ከኋላቸው ፖሊስ አልነበረም፣ በእጃቸው ዱላ እንኳ አልነበረም። ወጣቱ ቆመ፤ ተመለሰ። በጋሞ ባህል ሣር ይዞ የለመነን ሽማግሌ አልፎ መሄድ አይቻልም። ክብሩን ከብረት ያላገኘ ሽማግሌ ያለበት አገር ብረትን ወደ ጨዋታ ዝቅ ለማድረግ የተሻለ ቦታ ነው ባይ ነኝ። ሌላ ቦታ ክበብ ቢከፈት «የእኛ ብሔር ክበብ» የሚል ነገር ቶሎ ሊመጣበት ይችላል። እዚህ ግን ዱቡሻ ላይ ቀርቦ፣ ተመክሮበት፣ የማይሆን ከሆነም በዚያው የሚቀር ይሆናል።

አቅሙስ? ከአየር ጠመንጃ ይጀመር ነው የምለው፤ የትምህርት ቤት አዳራሽ ይበቃዋል። የባሩዱ ጠመንጃ ከዓመታት በኋላ፣ በመንግሥት ፈቃድ፣ ከአምስትና ከስድስት ሳይበልጥ ቢመጣ ይበቃል። ያገለገለ ይሁን፤ እንዴት እንደሚስተካከል ከላይ አይታችኋል። ጠመንጃውን እዚህ እንሥራ የሚል ሐሳብ የለኝም። ሌላውን ሁሉ ግን እዚህ መሥራት ይቻላል። የመደገፊያውን ከረጢት የጨንቻ ልብስ ሰፊ ይሰፋዋል። የዒላማ ማቆሚያውን አናጢ ይሠራዋል። ከጥይቱ ኋላ የሚቆመው የአፈር ግንብ ጉልበት ብቻ ነው የሚፈልገው። ለእንጨቱ ዋንዛ አለን፤ ቀላል ነው፣ ለመጥረብም ይመቻል። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ከውኃ ቴክኖሎጂ ተቋምነት ተነሥቶ ያደገ ነው፤ መሐንዲሱ፣ የብረት ሥራ ክፍሉ፣ የስፖርት ሳይንስ መምህሩ እዚያ ግቢ ውስጥ አሉ።

አንድ ነገር ላይ ግን ከአንዳንድ የአገሬ ገበሬዎች ጋር አልስማማም። ነገሩን የሰሙ ሰዎች «ለጃርትና ለዝንጀሮ ይሁነን» ይሉኛል። እንሰት ሥሩ ተቆፍሮ ያደረ ገበሬ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። ቢሆንም አይሆንም። ይህች ትንሽ ጥይት መጫወቻ ትመስላለች እንጂ ወደ ላይ አዘንብለው ቢተኩሷት እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ልትሄድ ትችላለች። የጋሞ ደጋ ደግሞ ቤት ከቤት፣ ማሳ ከማሳ የተያያዘበት አገር ነው። ከጃርቱ ኋላ ሁልጊዜ የሰው ጓሮ አለ። ለጃርት ውሻና ወጥመድ፣ ለዝንጀሮ ጠባቂና ወንጭፍ ቢቀጥል ይሻላል። ክበቡ «ለአዝመራ ጥበቃ» በሚል ስም ከተከፈተ በዓመቱ ጠመንጃው ከመጋዘን ወጥቶ በየቤቱ ምሰሶ ላይ እንደሚሰቀል አልጠራጠርም።

ባለፈው ጨንቻ ወጥቼ ሐሳቡን ለሁለት ሽማግሌዎች አነሣሁባቸው። የሚቃወሙኝ መስሎኝ ነበር። ስለ ስፖርቱ ብዙም አልጠየቁኝም። ያጨቃጨቃቸው የመጋዘኑ ቁልፍ ነው። አንደኛው «ቁልፉ ፖሊስ ጋ ይሁን፤ ሕጉ የእሱ ነው» አሉ። ሌላው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የዕድራችን ሣጥን ሦስት ቁልፍ አለው። አንዱ ሊቀ መንበሩ ጋ፣ አንዱ ገንዘብ ያዡ ጋ፣ አንዱ ጸሐፊው ጋ። ሦስቱ ካልተገናኙ አሥር ብር አይወጣም። ለብር እንዲህ ከሆንን ለብረት እንዴት አንድ ቁልፍ ይበቃል?» አሉ። «ታዲያ አባቴ፣ ሦስቱን እነማን ይያዙ ይላሉ?» አልኳቸው። አንዱን ፖሊስ፣ አንዱን አሠልጣኙ አሉና ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። ወዲያው የመጀመሪያው ሽማግሌ «ሦስተኛውን እናት ትያዝ፤ ልጇ የሚለማመድ እናት» አሏቸው። እሳቸው ደግሞ እናት ለልጇ ታደላለች፣ ልጅ የሌላት ሴት ትሁን ብለው ተከራከሩ። እኔ ስነሣ ገና አልተስማሙም ነበር።